የእንስሳት ዓይን በሌሊት ስለ ምን ያበራል?

በጅቡቲ ከተማ የቀኑ ሐሩር ጽኑ ስለ ሆነ፣ በበጋ ወራት ሰውም እንስሳም በርከት ብሎ የሚንቀሳቀሰው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነው። ከወደቡ ዕቃ ጭኖ ወደ ጋላፊ የሚያመራው የኢትዮጵያ ካሚዮን ሹፌር በመንገዱ ዳር ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚያበሩ አረንጓዴ ነጥቦች ያያል፤ ቀረብ ሲል የፍየል መንጋ ሆኖ ያገኘዋል። አንዳንድ ሰዎች ዓይኑ በውስጡ እሳት ያለው ይመስላቸዋል፤ ነገር ግን ብርሃኑ የመኪናው እንጂ የፍየሉ አይደለም።

በብሌን የገባው ብርሃን በዓይን ጀርባ ባለው፣ የማየትን ሥራ በሚሠራው ስስ ሽፋን ላይ ያርፋል። በላም፣ በበግ፣ በፍየል፣ በውሻ፣ በድመትና በጅብ ዓይን ከዚህ ሽፋን በስተኋላ፣ ሊቃውንት በላቲን «ታፔቱም ሉሲዱም» ያሉት፣ ትርጓሜውም «ብሩህ ምንጣፍ» የሆነ ሌላ ንጣፍ ይገኛል። ሥራውም ከኩራዝ ጀርባ እንደሚደረግ ቆርቆሮ ነው፤ ሽፋኑ ሳይዘው ያለፈውን ብርሃን መልሶ ስለሚልከው ዓይኑ ያንኑ ጥቂት ብርሃን ሁለተኛ ጊዜ ይጠቀምበታል። የተረፈውም በገባበት በር ይወጣል። ስለዚህ ነጸብራቁ የሚታየው በመብራቱ አጠገብ ላለ ሰው ነው። የፎቶግራፍ መሣሪያም መብራቱና መስተዋቱ ጎን ለጎን ስለ ሆኑ የድመቱን ዓይን እንደ ፍም አድርጎ ያነሣዋል።

ለሰው ይህ ምንጣፍ አልተሰጠውም። በፎቶግራፍ ላይ ዓይናችን ቀልቶ የሚታየው ከኋላው ካሉት የደም ሥሮች የተነሣ ነው። በሕፃን ፎቶግራፍ ላይ ግን ብሌኑ በተደጋጋሚ ነጭ ሆኖ ከታየ፣ የዕጢ ምልክት ሊሆን ስለሚችል ወላጆች ሳይዘገዩ ለዓይን ሐኪም ያሳዩት።

ግመልም ይህ ምንጣፍ የላትም። ደግሞም ራሷ ዝቅ ተደርጎ ከበራው የመኪና መብራት በላይ ይቀራል፤ ቀለሟም ከአሸዋው ጋር ይመሳሰላል። በዲኪልና በጋላፊ መካከል የዓይን ብርሃን ስላላየ ብቻ መንገዱ ባዶ ነው ብሎ የሚፈጥን ሹፌር እጅግ ይሳሳታል። እግሯ ረጅም ስለ ሆነ ትንሽ አውቶሞቢል የገጫት እንደ ሆነ ሰውነቷ በፊት መስተዋቱ ላይ ይወድቃል።

ከብት ነጋዴዎችም አንድ ነገር ልብ ይበሉ። እ.ኤ.አ. በ2006 በተከፈተው በዳመርጆግ የእንስሳት ማቆያ እንደሚደረገው፣ ወደ ዐረብ አገር የሚላኩ ከብቶች መርከብ እስኪሳፈሩ ድረስ በበረት ይቆያሉ። ሌሊት በባትሪ ሲታዩ ዓይናቸው ማብራቱ ደኅና ማየታቸውን አያረጋግጥም። ለብዙ ወራት እርጥብ መኖ ያጣ እንስሳ በቪታሚን ኤ እጦት ዳፍንት ይይዘዋል፤ የጎደለው የሚያየው ሽፋን ነው እንጂ ምንጣፉ ስላልሆነ ዓይኑ እንደ ወትሮው ያበራል። ስለዚህ የተጠረጠረውን እንስሳ ሲመሻሽ በማያውቀው ግቢ ቀስ ብሎ መንዳት ይሻላል፤ ከአጥሩ ጋር የሚጋጭ ከሆነ እርጥብ ሣር ወይም አልፋልፋ ይሰጠው፣ ለእንስሳት ሐኪምም ይነገር።