«አኒማል ፋርም»ን ስናነብ የዘለልናቸው ትንንሽ ቃላት



በ1945 እ.ኤ.አ. የታተመው የጆርጅ ኦርዌል «አኒማል ፋርም» የስታሊኗን ሶቪየት ኅብረት በእንስሳት ተረት የሚሸነቁጥ፣ ባለ አሥር ምዕራፍ አጭር ልቦለድ ነው። ከዐስር ሶላት በኋላ ተሰብስበን ስናነበው የፈራነው ረጃጅሞቹን ቃላት ነበር። መዝገበ ቃላት ይዘን እነሱን ስናሳድድ ትንንሾቹን ዘለልናቸው። ተንኮሉ ያለው ግን እነሱ ላይ ነው።

እንስሳቱ ካመፁ በኋላ ሰባት ሕጎች ግድግዳ ላይ ይጻፋሉ። አሳማዎቹ አልጋ ላይ መተኛት፣ መጠጣትና መግደል ሲያምራቸው ክልከላውን አይሰርዙትም፤ መጨረሻው ላይ ሁለት ቃል ብቻ ይጨምሩበታል። በሦስቱም ቦታ የመጀመሪያው ቃል መስተዋድድ ነው። ክልከላው በአንድ ጊዜ ፈቃድ ይሆናል። መድረሳ ነሕው ስንቀራ አንዲት ሐርፍ ትርጉም እንደምታዞር ተምረናል፤ እንግሊዝኛ ላይ ስንደርስ ረሳነው።

ባዝራዋ ክሎቨር ማንበብ ስለማትችል ፍየሏን ሙሪየልን ታስነብባለች። የተጨመረውን ስትሰማ ግድግዳውን አምና የራሷን ትዝታ ትጠራጠራለች።

ስለዚህ ሕጎቹ መጀመሪያ ሲመጡ ደብተራችሁ ላይ ገልብጧቸው፤ በተቀየሩ ቁጥር አመሳክሩ። ለፈተናም፣ ነገ ለምንፈርመው ውልም ይጠቅመናል፣ ኢንሻአላህ። ክሎቨር ያጣችው ይህንኑ ደብተር ነው።