ካርቱን ለመሥራት ስንት ሥዕል ይበቃል?

በደብተራችሁ ጥግ ላይ ኳስ ሳሉ። በቀጣዩ ገጽ ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ድገሙት፤ እንዲህ እያላችሁ ቀጥሉ። ከዚያ ገጾቹን በአውራ ጣታችሁ ቶሎ ቶሎ ልቀቋቸው። ኳሷ ትነሳለች! አእምሯችን በፍጥነት የሚከታተሉ ምስሎችን እንደ እንቅስቃሴ ይገጣጥማቸዋል። አኒሜሽን ማለት በቃ ይኸው ነው።

ችግሩ ብዛቱ ነው። የሲኒማ ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ያሳያል፤ በደቂቃ 1,440 ማለት ነው። ዲዝኒ በ1937 (እ.ኤ.አ.) «ስኖው ዋይት»ን ሲያወጣ ሥዕሉ ሁሉ በእጅ የተሠራ ነበር። ፒክሳር ደግሞ በ1995 «ቶይ ስቶሪ»ን ሙሉ በሙሉ በኮምፒውተር ሠራ።

እኛ አገርስ? መምህርት ብሩክታዊት ጥጋቡና ባለቤቷ፣ የሶፍትዌር ባለሙያው ሼን ኤትዘንሃውዘር፣ ሌላ መንገድ መረጡ። «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ን የጀመሩት ከካልሲ በተሠሩ አሻንጉሊቶች ነው። አሻንጉሊትን እጅ ያንቀሳቅሰዋል፣ ካሜራ ይቀርጸዋል፤ 1,440 ሥዕል መሳል ቀረ! ቀጭኔዋ ፀሐይም ሕፃናትን በአማርኛ አስተማረች። ብሩክታዊት በ2010 ከሮሌክስ ሽልማት ወጣት ተሸላሚዎች አንዷ ሆነች። ድርጅታቸው ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕ በኋላ «ጥበብ ገርልስ» የተባለውን ካርቱን ሠራ።

ኢንጂነሪንግም እንዲሁ ነው፤ መጀመሪያ ያለህን ትቆጥራለህ። እናንተም ቁጠሩ፦ ሠዓሊዎች ብዙ ጊዜ አንዱን ሥዕል ሁለቴ ስለሚያሳዩት ለ1 ሰከንድ 12 ሥዕል ይበቃል። ለ4 ሰከንድ 48። ባለ 50 ሉክ ደብተር ሁለት ሉክ ይተርፈዋል!

የገንዳ ውሃ ሰሊጥ ሲታጨድ በካርቱን አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም። አንዳችሁ ጀምሩት።