«ሰፈሩ ሰላም ነው ወይ?» ዴንቨርና አውሮራ ላይ ቤት ለምትገዙ

እ.ኤ.አ. በ2024 ሴፕቴምበር ላይ አውሮራ የምንኖር ሐበሾች ስልካችን አላርፍ ብሎ ነበር። ከአዲስ አበባም፣ ከጎንደርም፣ ከዋሽንግተንም የሚደውለው ሰው ጥያቄው አንድ ነው፤ «ያ ወሮበላ ያዘው የሚባለው ከተማ እናንተ ያላችሁበት ነው እንዴ?» ዶናልድ ትራምፕ በፕሬዚዳንታዊው ክርክር ላይ የከተማችንን ስም ጠርተው ስደተኛ ወንበዴዎች እየወረሷት ነው ማለታቸው ነበር ነገሩ። እኛ ደግሞ ሃቫና ጎዳና ላይ እንጀራችንን ገዝተን፣ ቡናችንን ጠጥተን ቤታችን የገባን ሰዎች ነን።

ወሬው ከመሬት አልተነሳም። ኦገስት ላይ መሣሪያ የያዙ ሰዎች በአንድ አፓርታማ ኮሪደር ሲዘዋወሩ የሚያሳይ ቪዲዮ ወጥቷል፤ በጥቂት አፓርታማዎች የሚኖሩ ሰዎችም የምር ተሰቃይተዋል። ነገር ግን የትራምፕ ፓርቲ አባል የሆኑት ከንቲባ ማይክ ኮፍማን ራሳቸው ነገሩ ከልክ በላይ ተጋኗል ብለዋል። አውሮራ ሦስት ካውንቲ የምትነካ፣ ወደ 400 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ያላት ከተማ ናት። የጥቂት ሕንፃዎችን ጣጣ ለከተማው ሁሉ ማሸከም፣ መርካቶ ኪሴ ተበረበረ ብሎ አዲስ አበባን ለቆ እንደመውጣት ነው።

ይህን ያነሳሁት ለፖለቲካ አይደለም። ቤት ሊገዛ የሚዞር ወገናችንም የሚያደርገው ይህንኑ ስለሆነ ነው። ሰፈር የምንመርጠው በስም ነው። «ኮልፋክስ አካባቢ? በጭራሽ!» «ሳውዝላንድስ ወዲያ? እሱስ ጥሩ ነው።» ማን አለ? ለቅሶ ቤት ወይም ሠርግ ላይ የሆነ ሰው አለ። የ30 ዓመት ዕዳ የምንፈርመው በዚህ ነው።

«ለዚህማ ሪልተሬን እጠይቃለሁ» ትሉ ይሆናል። ጠይቁ፤ ደህና ሪልተር ከሆነ ግን አይመልስላችሁም። የሐበሻ ልጅ ሆኖ ሳለ «ሰፈሩ ሰላም ነው ወይ?» ስንለው ዝም ማለቱ ብዙዎቻችንን ያናድደናል። ምክንያት አለው። በ1968 የወጣው የፍትሐዊ መኖሪያ ቤት ሕግ፣ ገዢን በዘሩ ወይም በትውልድ አገሩ እያዩ ወደዚህ ሰፈር ሂድ፣ ወደዚያ አትሂድ ብሎ መምራትን ይከለክላል። በዚህ አገር «መጥፎ ሰፈር» የሚለው ቃል ለብዙ ዘመን «ጥቁሮች የሚኖሩበት» ማለት ነበርና ሻጮች መልስ ከመስጠት ይቆጠባሉ። በ2021 መጨረሻ ሪልተር ዶት ኮም የወንጀል ካርታውን ከገጹ ያነሳው፣ ሬድፊንም የወንጀል መረጃ አላወጣም ያለው መረጃው ገዢን ያሳስታል፣ አድልዎንም ያባብሳል በሚል ስጋት ነው። ስለዚህ ሥራው የራሳችን ነው።

ካርታውንስ ራሳችን ብናየው ሁሉን ይነግረናል? አንድ ቤት አስታውሳችሁ። ግሪን ቫሊ ራንች ከኤርፖርቱ አጠገብ ያለ፣ ብዙ አፍሪካዊ የሚኖርበት የዴንቨር ዳርቻ ነው። ቤቶቹ አዳዲስ፣ መንገዱ ጸጥ ያለ። ኦገስት 5 ቀን 2020 ከሌሊቱ 9 ሰዓት ግድም እዚያ አንድ ቤት ተቃጠለ። ከሴኔጋል የመጡ የአንድ ቤተሰብ አምስት ሰዎች አለቁ፤ ሁለቱ ገና ሕፃናት ነበሩ። የጎረቤት ካሜራ ጭምብል ያጠለቁ ሦስት ሰዎችን ቀርጾ ነበርና በዘር ጥላቻ የተፈጸመ ነው ተብሎ ብዙ ስደተኛ እንቅልፍ አጣ። በኋላ ሲጣራ አድራጊዎቹ ታዳጊዎች ሆነው ተገኙ። አንዱ ስልኩን ተዘርፎ ነበር፤ በስልክ መፈለጊያ ተከታተልኩ ብሎ የማያውቁትን፣ ምንም ያላደረጉ ሰዎችን ቤት አቃጠለ። በ2024 የ60 ዓመት እስራት ተፈረደበት።

ይህን የትኛውም ካርታ አስቀድሞ አይነግራችሁም። «አስተማማኝ ሰፈር» የሚባል ዕቃ ሱቅ ውስጥ የለም። ያለው፣ ልንቀንሰው የምንችለው አደጋና የማንቀንሰው አደጋ ነው። ታዲያ የሚቀነሰውን እንመዝን።

አንደኛ፣ ወንጀል ሁሉ አንድ አይደለም። የሁለቱም ከተሞች ፖሊስ የወንጀል መረጃውን በኢንተርኔት ያወጣል። የቤቱን አድራሻ አስገብታችሁ በግማሽ ማይል ዙሪያ የአንድ ዓመቱን እዩ፤ ስርቆቱን ከድብደባው ለዩ። ትልቅ የገበያ ማዕከል ካለ ቁጥሩ ከሱቅ ሌብነት የተነሳ ያብጣል፤ ያ በር ሰብሮ ሳሎናችሁ አይገባም። በተቃራኒው፣ ንብረቱ የተሰረቀበት አብዛኛው ሰው ለፖሊስ ስለማያመለክት ባዶ ካርታም ንጹሕ ሰፈር ማለት አይደለም።

ሁለተኛ፣ መኪናችሁ። በ2022 ኮሎራዶ ከሕዝብ ብዛቷ አንጻር በመኪና ስርቆት ከአሜሪካ አንደኛ ነበረች። በ2023 ሕጉ ጠብቆ የማንኛውም መኪና ስርቆት ከባድ ወንጀል ተደረገ፤ ቁጥሩም ቀንሷል። ቢሆንም ክረምት ማለዳ ሞተር አስነስተን፣ ቁልፉን ትተን፣ ሻይ ልንጠጣ የምንገባ ስንቶቻችን ነን? ያ በኮሎራዶ ሕግ ራሱ የተከለከለ ነው። ለኡበር የሚሠራ ሰው መኪናው ከሄደ እንጀራው ነው የሄደው። ጋራዥ ያለው ትንሽ ቤት ጋራዥ ከሌለው ትልቅ ቤት ሊሻል ይችላል።

ሦስተኛ፣ ካርታ ላይ የሌለው። የኮሎራዶ ቤቶች ግማሽ ያህሉ ራዶን የሚባለው ሽታም ቀለምም የሌለው ጋዝ ከሚመከረው በላይ አለባቸው። ከመሬት ወደ ቤዝመንት ይገባል፤ ከሲጋራ ቀጥሎ ዋናው የሳንባ ካንሰር መንስኤ ነው። ከ2023 ጀምሮ ሻጭ ስለ ራዶን የሚያውቀውን በጽሑፍ እንዲያሳውቅ ሕጉ ያስገድዳል። ልጆቻችን ቤዝመንት የሚተኙ ሰዎች ስለ ሌባ እየተጨነቅን ይህን ሳናስመረምር እንፈርማለን።

አራተኛ፣ ርቀት። ይህች የምታመኝ ነገር ናት። ሌባ ፈርተን ከኢ-470 ማዶ እንሄዳለን። ቤቱ ያምራል፤ ሞርጌጁ ላይ የኤች ኦ ኤው፣ የአዲሱ መንደር የሜትሮ ዲስትሪክት ግብር፣ በበረዶ ዝናብ ሰበብ የሚንረው የጣሪያ ኢንሹራንስ ይደረባል። ይህን ለመክፈል ባል ሌሊት፣ ሚስት ቀን ይሠራሉ፤ ቅዳሜና እሁድም ይጨመራል። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ባዶ ቤት ይገባሉ። አባት እንቅልፍ እያዳፋው በረዶ ላይ ይነዳል። በ2022 በአሜሪካ መንገዶች ከ42 ሺህ በላይ ሰው ሞቷል፤ በሰው እጅ ከተገደለው በእጅጉ ይበልጣል። ለደህንነት ብለን የገዛነው ቤት ደህንነታችንን በልቶ ሲያበቃ ካርታው አሁንም ንጹሕ ነው።

እንግዲህ ከመፈረማችሁ በፊት ሰፈሩን ሦስት ጊዜ ሂዱበት፤ አርብ ማታ፣ ማለዳ ወደ ሥራ በምትወጡበት ሰዓት፣ ትምህርት ቤት ሲለቀቅ። ወደ ሥራ የሚወስደውን መንገድ በዚያው ሰዓት ንዱት። ከዚያ ጎረቤት አንኳኩና «ልንገዛ ነው፤ ማታ ብቻችሁን ውሻ ይዛችሁ ትወጣላችሁ?» በሉ። ሪልተር የማይመልሰውን ጎረቤት ይመልሳል። የሚያነጋግራችሁ ካጣችሁም እሱ ራሱ መልስ ነው።

አገር ቤት ደህንነት ማለት የግንብ አጥር፣ ጠርሙስ ስባሪ፣ ዘበኛ ነበር። ግን እውነቱን እናውራ ከተባለ፣ የጠበቀን አጥሩ ሳይሆን «ዛሬ በራቸው ሳይከፈት ዋለ፤ ምን ሆነው ይሆን?» የምትለው ጎረቤት ነበረች። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚባለው ለዚህ ነው። እዚህ አጥር የለም፤ ሣር ነው ያለው። በሩ ላይ ያለው ካሜራ ማን እንደመጣ ያሳያል እንጂ ማን እንደጎደለ አይጠይቅም።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ የሰፈር ስም አትግዙ። ቁጥሩን እዩ፣ ራዶኑን አስመርምሩ፣ በወር ስንት ሰዓት ቤታችሁ እንደምትሆኑ አስሉ። ቁልፉን የተቀበላችሁ ሳምንትም ግራና ቀኝ ያሉትን ቡና ጥሩ። ሌባ ከመጣም፣ እሳት ከመጣም ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ነው።

ቸር እንሰንብት።