ሣሩ በቀን ስንት ጀሪካን ይጠጣል?

እስቲ ትንሽ ሂሳብ እንሥራ። አዲስ አበባ ውስጥ 50 ካሬ ሜትር ሣር ያለው ግቢ አለ እንበል። በበጋ ፀሐይና ነፋስ ከለመለመ ሣር በቀን ወደ 4 ሚሊ ሜትር ውሃ ይወስዳሉ። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ውሃ ማለት 1 ሊትር ነው። ስለዚህ ድምሩ 200 ሊትር፣ ማለትም አሥር ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይሆናል። በየቀኑ! ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይሄ ቀልድ አይደለም።

ጎበዝ አትክልተኛ ታዲያ ከአበባው በፊት የውሃውን መንገድ ያያል (ሥራው ግማሹ ምህንድስና ነው ባይ ነኝ)። ውሃ ወዳዶቹን ተክሎች የጣሪያው ውሃ በሚወርድበት በኩል ይሰበስባቸዋል። አፈሩን ደግሞ በገለባ ወይም በደረቀ ቅጠል ያለብሰዋል፤ እርቃኑን የቀረ አፈር ውሃን በቀጫጭን ቀዳዳዎቹ ወደ ላይ እየሳበ ለፀሐይ ያስረክባልና።

ከዚያ ወደ ተክሉ እንምጣ። እሬት ውሃውን በወፍራም ቅጠሉ ያከማቻል። እንደ ራስ ክምር ሁሉ ቱቦ መሰል አበባ አለው፤ ረጅምና ቆልማማ ምንቃር ያላቸው ወፎች ከውስጡ ጣፋጩን ይመጣሉ። ከእነዚህ ወፎች አንዷ በተከዜ ወንዝ ስም ትጠራለች፤ ወንዱ ፀሐይ ሲያርፍበት ሐምራዊ ሆኖ ያብረቀርቃል። ወፏ ስትጠጣ ላባዋ ላይ የአበባ ዱቄት ይጣበቅና ወደ ቀጣዩ አበባ ይሻገራል። የታጨደ ሣር ላይ ለእሷ የሚሆን አበባ የለም።

ሣሩን በሙሉ ንቀሉ አላልኩም፤ ኳስ የምትጫወቱበትን ተዉት። ዳር ዳሩን ግን በክረምት መግቢያ ትከሉበት፤ በጋው ሳይደርስ ሥሩ ወደ ታች ይወርዳል።