ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን፦ የኢትዮጵያ አየር ኃይል ቀዳሚ አሠልጣኝ

ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ከጣሊያን ወረራ በኋላ እንደ አዲስ የተቋቋመውን የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት አየር ኃይል እስከ 1948 ዓ.ም. የመሩና ያሠለጠኑ ስዊድናዊ አብራሪ ናቸው። ነሐሴ 13 ቀን 1901 ዓ.ም. ስዊድን ውስጥ ከመኳንንት ቤተሰብ ተወለዱ። አባታቸው ኤሪክ ፎን ሮዘን በ1910 ዓ.ም. ለፊንላንድ ጦር አውሮፕላን የለገሡ ሰው ነበሩ፤ የእናታቸው እኅት ካሪን ደግሞ ኋላ የናዚ ጀርመን አየር ኃይል አዛዥ የሆነውን ሄርማን ጎሪንግን አግብታ ነበር። ፎን ሮዘን በወጣትነታቸው በሰማይ ላይ ትርኢት እያሳዩ ይተዳደሩ ነበር።

ወደ ኢትዮጵያ የመጡት በ1928 ዓ.ም. በቀይ መስቀል ስም ነው። የመጀመሪያው አውሮፕላን አዲስ አበባ ካረፈ ገና ሰባት ዓመት አልሞላም፤ እንደ ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ ያሉት ኢትዮጵያውያን አብራሪዎችም በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 20 ቀን በደቡብ ግንባር መልካ ዲዳ ላይ የስዊድን ቀይ መስቀል ሆስፒታል በጣሊያን አውሮፕላኖች ተደብድቦ ነበር። ሆስፒታሉ የተከተለው የሲዳሞው ገዥ የራስ ደስታ ዳምጠው ጦር ነው።

የፎን ሮዘን ሥራ ሐኪምና መድኃኒት ወደ ሰሜን ግንባር ማድረስ፣ ቁስለኛም መመለስ ነበር። ከስዊዘርላንዳዊው ሐኪም ማርሴል ዡኖ ጋር የበረሩበት የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ፎከር አውሮፕላን በመጋቢት ወር ኮረም ላይ ቆሞ ሳለ በቦምብ ተቃጠለ። ራሳቸውም ጣሊያን ከረጨው የመርዝ ጋዝ አላመለጡም፤ ገላቸውን አቃጥሏቸዋል።

ፎን ሮዘን ከዚያ በኋላ ከጦርነት አልራቁም። በ1932 ዓ.ም. ሶቪየት ኅብረት ፊንላንድን ስትወር አንድ የመንገደኛ አውሮፕላን ገዝተው፣ ቦምብ እንዲጥል አስለውጠው ለፊንላንድ አበረሩ። ቀጥሎ ወደ እንግሊዝ አየር ኃይል ለመግባት ቢያመለክቱም በጎሪንግ ዝምድና ምክንያት ተቀባይነት አላገኙም።

ከነጻነት በኋላ ኢትዮጵያ አየር ኃይሏን ለማደራጀት ወደ ስዊድን ፊቷን አዞረች። ስዊድን ከወረራው በፊት በሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ያሠለጠነች፣ በወቅቱ በአፍሪካ ቅኝ ግዛት ያልነበራት አገር ናት፤ እንግሊዞች ሰፊ ሥልጣን በያዙበት ወቅት ይህ ምርጫ ብልህነት ነበር። ማሠልጠኛው ቢሾፍቱ ላይ ተከፈተ። ለጀማሪ ተማሪዎች ሳፊር የተባለች ባለ አንድ ሞተር ትንሽ አውሮፕላን መጣች፤ ከ1940 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ቁልቁል እየተወረወረ ቦምብ የሚጥለው ሳብ 17 ተጨመረ።

ሳፊር ለምን ያህል ጉዞ እንደምትበቃ ፎን ሮዘን ራሳቸው አሳይተዋል። በግንቦት 1939 ዓ.ም. ተጨማሪ ነዳጅ ጭነው ከስቶክሆልም ተነሡና የትም ሳያርፉ አዲስ አበባ ገቡ። ከ6 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ የሆነውን መንገድ ለመጨረስ ከ30 ሰዓት በላይ ወስዷል። ሜዲትራኒያንንና የሱዳንን በረሃ ያህል በአንዲት ሞተር መሻገር ማለት፣ ያቺ ሞተር ለአፍታ ብታቋርጥ ማረፊያ የለም ማለት ነው።

በ1948 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ አየር ኃይል ሥራቸው ከለቀቁ በኋላ ለተባበሩት መንግሥታት በኮንጎ በረሩ። ብዙ ያከራከረው ሥራቸው ግን ከናይጄሪያ በተገነጠለችው በቢያፍራ የሠሩት ነው። በ1960 ዓ.ም. ለተከበበው ሕዝብ የምግብ እርዳታ አደረሱ። በግንቦት 1961 ዓ.ም. ግን አምስት ትንንሽ ስዊድን ሠራሽ ኤምኤፍአይ 9 አውሮፕላኖችን ሮኬት አስታጥቀው የናይጄሪያን አየር ማረፊያዎች መቱ። እርዳታ አድራሽ የነበረ ሰው ተዋጊ መሆኑ በወቅቱ ክፉኛ አስተችቷቸዋል፤ እርሳቸው ግን ለተራበ ሰው እህል የሚያደርሰውን መንገድ የሚዘጋውን አውሮፕላን መምታትን የዚያው ሥራ ክፍል አድርገው ያዩት ነበር ማለት ይቻላል።

በ1966ቱ የኢትዮጵያ ድርቅ ጊዜ ያንኑ ብልሃት ገለበጡት። የኤምኤፍአይ 9 ተከታይ በሆነችው ኤምኤፍአይ 15 ክንፎች ሥር ሮኬት ሳይሆን የእህል ከረጢት ተንጠለጠለ። አብራሪው ወደ መሬት እጅግ ዝቅ ብሎ እየበረረ ከረጢቱን ያለ ጃንጥላ ይለቀዋል፤ መኪና የማይደርስበት ደጋ መንደር በዚህ መንገድ ቀለብ አገኘ። ዘዴው ርካሽ ነው፤ አውሮፕላን ማረፊያም አይሻም። ከሕይወታቸው ሥራ ሁሉ የበለጠ ሊታወስ የሚገባው ይህ ነው።

የኦጋዴን ጦርነት ሲቀጣጠል ፎን ሮዘን ለተፈናቃዮች እርዳታ ጎዴ ነበሩ። ሐምሌ 6 ቀን 1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ተዋጊዎች ከተማዋን ሲያጠቁ ተገደሉ። ዕድሜያቸው 67 ዓመት ነበር፤ አስከሬናቸውም አዲስ አበባ አርፏል።