ስለ ወረደ የመኪና በርና ስለ ትንሿ ፔርኖ

ቱሉ ዲምቱ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ፥ በ2007 ዓ.ም. መስከረም የተመረቀው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ የሚጀምርበት ስፍራ ነው። ይህን 85 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ይዞ ሸቀጥ የሚያመላልስ ነጋዴ ከክፍያው በር ሳይደርስ ጎማውን ይመለከታል፤ ዘይቱንም ይለካል። የሾፌሩን በር ግን ሁለት ሦስት ጊዜ አንሥቶ በኀይል ከወረወረው በኋላ ከተዘጋለት፥ ደግ ነው ብሎ ጒዞውን ይቀጥላል።

በር የሚወርደው በአንድ ቀን አይደለም። በሩን ከምሰሶው ጋር የሚያያይዙት ሁለት ማጠፊያዎች ሲሆኑ፥ በእያንዳንዱ ማጠፊያ መካከል ፔርኖ የሚባል የብረት ዘንግ አለ። በብዙ መኪና ላይ ደግሞ በዘንጉ ዙሪያ መካኒኮች ቡሽ የሚሉት ስስ የነሐስ ቀለበት ይገኛል፤ ተግባሩም በዘንጉ ፈንታ ራሱ እንዲበላ ነው። አቧራ ሲገባበትና ግሪስ ሲጎድለው ቡሹ ያልቅና ብረት ከብረት ይፋጫል። ሾፌሩ በበሩ ላይ ተደግፎ የሚወርድ እንደ ሆነ ጉዳቱ ይፈጥናል፤ ይህም ልማድ ያልያዘው ሾፌር ጥቂት ነው። በሁለቱ ማጠፊያዎች መካከል 40 ሳንቲ ሜትር፥ ከማጠፊያው እስከ ቁልፉ ደግሞ 1 ሜትር ቢሆን፥ በላይኛው ማጠፊያ የተበላው 1 ሚሊ ሜትር በቁልፉ ዘንድ 2 ሚሊ ሜትር ተኩል ሆኖ ይታያል።

በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው በምሰሶው ላይ ያለውን የቁልፍ መያዣ አስፈትቶ ዝቅ ያስደርጋል። በሩ ለጊዜው ይዘጋል፤ ማጠፊያው ግን መበላቱን አላቆመም። ውሎ አድሮ መያዣው የሚወርድበት ቦታ ያልቃል፤ የበሩ ጎማ ስለማይገጥምም ዝናብ ይገባል። ከሁሉ የሚያስፈራው ቁልፉ በግማሽ ብቻ የነከሰው በር ነው፤ በፍጥነት መንገድ ላይ እያለ ቢከፈት የሚደርሰውን ማንም ይገምተዋል።

ትክክለኛው ሥራ በምርመራ ይጀምራል። በሩን በግማሽ ከፍቶ ጫፉን በእጅ ወደ ላይ ማንሣትና ዐይንን ከማጠፊያው ላይ አለመንቀል ነው። ፔርኖው በቀዳዳው ውስጥ ከተነቃነቀ ቡሹ አልቋል። ማጠፊያው ራሱ በምሰሶው ላይ ከተንቀሳቀሰ ቡሎኑ ላልቷል፤ ማጥበቅ ብቻ ይበቃዋል። የምሰሶው ላሜራ ከተነፈሰ ግን ነገሩ የባትላሜራ ሠራተኛ ጉዳይ ይሆናል። ቡሹ የተበላ እንደ ሆነ፥ በሩ ከሥሩ በክሪክና በጨርቅ በተጠቀለለ እንጨት ይደገፋል፤ ከዚያም ፔርኖው ተመትቶ ይወጣል። በአንዳንድ መኪና ጫፉ ተቀጥቅጦ የታሰረ ስለሆነ አስቀድሞ መፈቅፈቅ ያስፈልገዋል። ሁለቱን ማጠፊያዎች በአንድነት መፍታት ስሕተት ነው፤ አንደኛው ሲሠራ ሁለተኛው የበሩን ቦታ ይጠብቃል። አዲሱ ቡሽ ጠበቅ ብሎ ከገባና ግሪስ ከተቀባ በኋላ የቁልፉ መያዣ ወደ ቀድሞ ቦታው ይመለሳል። ይህን የዘነጋ ሰው በሩ ስላልተዘጋለት መካኒኩን በከንቱ ይወቅሳል።

እዚህ ላይ ጉዳዩ ከመካኒኩ ወደ ነጋዴው ይሻገራል። በሶማሌ ተራ ያለ ባለሱቅ ሙሉ በር መሸጥን ቢመርጥ አይፈረድበትም፤ ትርፉ በአንድ ጊዜ ይታያልና። ነገር ግን በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተወስኗል፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ብር በእጅጉ ረክሷል። በአገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ገና ብዙ ጊዜ መጠገኑ አይቀርም፤ ጥገናውም የሚፈልገው ዶላር ከባድ ነው። ሙሉ በር በመርከብ ላይ ሰፊ ቦታ ይይዛል፤ በዚያው ቦታ ስንት ካርቶን ቡሽ እንደሚገባ አስመጪው ራሱ ያስላው። የነሐስ ዘንግ የሚያስመጣም ገበያ አያጣም፤ ጥሩ የቶርኖ ሠራተኛ ለማንኛውም መኪና የሚሆን ቡሽ ከዚያ ያወጣልና።

ለሱቅ ሲታዘዝ በመኪናው ስም ብቻ መተማመን አይገባም፤ የዘንጉ ውፍረትና የቀዳዳው ስፋት በሚሊ ሜትር ይጻፍ። ደንበኛውም አሮጌውን ፔርኖ ይዞ ይምጣ፤ ሻጩ ግን ዘንጉን የሚለካው ከተበላው ሳይሆን ቡሹ ካልነካው ስፍራ ላይ ነው።