ያውቁ ኖሯል? ጥሬ ቡና ቀዝቃዛ መኪና አይወድም

በጅማ አካባቢ፣ አጋሮ፣ ሊሙ ገነት ወይም ጌራ ላይ ቡና ሲጫን ማቀዝቀዣ ያለው መኪና የሚፈልግ የለም። ለደረቀ ቡና ዋናው ነገር ደረቅነት ነው፤ እርጥበቱ ከ11 እስከ 12 በመቶ ከሆነ በተራ የጭነት መኪና፣ ሸራ ለብሶ ረጅም መንገድ ይጓዛል።

ከቀዘቀዘማ ጣጣው ብዙ ነው። ቀዝቃዛ ጆንያ ሞቃት አየር ሲያገኘው ያልበዋል፣ ከላቡም ሻጋታ ይከተላል። ጥሬ ቡና ሽታም ይስባል፦ ቆዳ ወይም ነዳጅ፣ ሌላው ቀርቶ ያ መዓዛው የተወደደ ኮረሪማ እንኳ አብሮት ከተጫነ ቀማሹ ስኒው ውስጥ ሊያገኘው ይችላል።

ብርዱ የሚያስፈልገው ለአትክልትና ፍራፍሬ ነው፤ እሱም ቢሆን በልክ። ሙዝ ከ13 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች ሲወርድ ልጣጩ ይጠቁራል። ጥቅል ጎመን ግን ወደ 0 የተጠጋ ቅዝቃዜ ይመቸዋል፤ አቮካዶ እንደ ዝርያው በመካከል ነው። ሦስቱን በአንድ ሙቀት የጫነ ነጋዴ ከሦስቱ አንዱን አስቀድሞ ከስሮታል። የሚበስል ሙዝ የሚያወጣው ኤትሊን የተባለ ጋዝ ደግሞ አቮካዶውን ያለጊዜው ያበስለዋል፣ ጎመኑንም ቢጫ ያደርገዋል። የጭነት ክፍላቸው በግድግዳ ተከፍሎ ለየክፍሉ የተለያየ ሙቀት የሚሰጡ መኪኖች የተሠሩት ለዚህ ነው።

የመኪናው ማቀዝቀዣ የተሠራው ቀድሞ የቀዘቀዘውን እንደቀዘቀዘ ለማቆየት ነው፤ ከማሳ በሙቀቱ የመጣን ፍሬ ቶሎ የማብረድ አቅም የለውም። ሣጥኖች እስከ ጣሪያ ከታጨቁማ አየሩ መዞሪያ ያጣል፤ ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆነው መንገድ ላይ ደግሞ ማቀዝቀዣው ሊቋቋመው የሚገባ የጊቤ ቆላ ሙቀት አለ።